የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ ሳዞር

እንደምን አመሻችሁ።

ይቺን የያዝኳትን ላፕቶፕ እዩልኝ። የኔ አይደለችም። የመሥሪያ ቤቴ ናት። ከሥሯ የንብረት ክፍል ቁጥር ተለጥፎባታል፤ ስረከባትም ሞዴል 22 ላይ ፈርሜያለሁ። የዛሬው ወሬዬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ቁጥር ነው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት ነው፤ በግል ላፕቶፕ ላይ መጫኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቢበላሽም የሚቆጣችሁ የለም። የመሥሪያ ቤት ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ ትንሹ ጣጣ ነው። ደብዳቤ የምትላላኳቸው ሰዎች አሉ። ፕሪንተሩ አለ። ፋይናንስ አለ። የአይቲ ኃላፊው አሉ።

መነሻዬን ልንገራችሁ። ማሽኗ 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ናት፤ ራሟ 8 ጊጋ። ኪቦርዷ ላይ የኤ ፊደል ተፍቆ ከመጥፋቱ በቀር እንከን የላትም። ዊንዶውስ 11 ግን አልቀበላትም አለ። ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል አይፈልግም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት አፕዴት የሚፈልግ ድርጅት ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ይከፍላል። ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከ3 ዓመት በላይም አይዘልቅም። ይህ እንግዲህ ዊንዶውሱን በሕጋዊ ፈቃድ ለገዛ ነው። ክራክ የጫነማ… እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ክራክ ማውራት ጎረቤት ማማት ስለሚሆንብኝ ልለፈው።

ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ለማንም ሳልናገር ማሽኗን ፎርማት አድርጌ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩባት። ቅዳሜና እሑድን ስጎረጉራት ዋልኩ። በጣም ደስ ብሎኛል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአይቲ ኃላፊያችን ደወሉ።

«ያንተ ማሽን ከአንቲቫይረሱ ዝርዝር ውስጥ ጠፍታብኛለች። ተሰርቃ ነው?»

«ኧረ አልተሰረቀችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

ይህን ጥያቄ በስልክ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አንድ ቀን ሞክሩት። ቢሯቸው ጠሩኝ። እንደፈራሁት አልጮሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ይህች ላፕቶፕ ነገ ታክሲ ውስጥ ብትረሳ፣ ውስጧ ላለው ሰነድ የሚጠየቀው ማን ነው?» መልስ አልነበረኝም። በዊንዶውስ ጊዜ ዲስኳ ተቆልፎ ነበር። እኔ ስጭን ግን ዲስኩን ለመቆለፍ የሚጠይቀውን ምርጫ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ማለትም ፍላሽ ያለው ማንም ሰው ከፍቶ ያነበዋል። በዚያው ቀን ዊንዶውሷ ተመለሰላት።

ከዚያ በኋላ ነው እንደ ሰው በአንድ ገጽ ደብዳቤ የጠየቅኩት። ኃላፊው ፈቀዱ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ። ዲስኩ ይቆለፍ። ቁልፉ እሳቸውም ዘንድ ይኑር። በኔ ማሽን ምክንያት የማንም ሥራ ለግማሽ ቀን ከቆመ ወደ ዊንዶውስ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ከባድ ይመስላል። አይደለም። ሊኑክስ ዲስክ የሚቆልፍበት ሉክስ የሚባል አሠራር አለ። አንድን በር በተለያዩ ቁልፎች መክፈት እንደማለት ነው፤ ለአንዱ ዲስክ ከአንድ በላይ ፓስወርድ ይቀበላል። አንዱ የኔ ነው። ሌላውን ረዥም አድርጌ በወረቀት ጻፍኩት፣ በፖስታ አሸግኩት፣ የኃላፊው ካዝና ውስጥ ገባ። እኔ ነገ ብታመም ወይም ሥራ ብለቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ከኔ ጋር አይሄድም። እውነቱን ለመናገር ያቺ ፖስታ ናት ያሳመነቻቸው። ስለ ነፃ ሶፍትዌር የጻፍኩትን አንቀጽ አንብበውት እንደሆነ እንኳ እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በድጋሚ ከመጫኔ በፊት ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ ምን እንደምከፍት ጻፍኩ። አብዛኛው ብሮውዘር ነው። ኢሜይሉ እዚያው፣ የፈቃድ መጠየቂያው እዚያው። ቴሌግራም አለ፤ እሱ ለሊኑክስም አለው። የቪዲዮ ስብሰባ በቲምስ ነው። ማይክሮሶፍት የሊኑክሱን የቲምስ ፕሮግራም በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለተወው በብሮውዘር መግባት ግድ ነው፤ ይሠራል። ከዚያ የቀሩት ዎርድና ኤክሴል ናቸው። ጉድ የሚፈላው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ የሁለት አገር ታሪክ ላንሳ፤ ዓመታቱ በፈረንጆቹ ናቸው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 ቢሮዎቹን ወደ ሊኑክስ ለማዞር ወሰነ። ሊሙክስ የሚባል የራሱን ሊኑክስ አዘጋጀ። በ2013 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ዞረው ነበር። በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ሊኑክስ ለቢሮ አይሆንም የሚል ሰው ሁሉ ሙኒክን ይጠቅሳል። ይጥቀስ። ዣንዳርመሪ የሚባለውን የፈረንሳይ ፖሊስ ግን ማንም አያነሳም። እነሱ የጀመሩት በዊንዶውስ ላይ ሆነው ነው። በ2005 መጀመሪያ የዎርድና የኤክሴል ነፃ ምትክ የሆነውን ኦፕንኦፊስን አስገቡ። ቀጥሎ ብሮውዘሩን ፋየርፎክስንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን። ወደ ኡቡንቱ መዞር የጀመሩት ከ2008 ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ፕሮግራሞቹን ለምዷቸዋል። ከሥር ያለው ነገር ሲቀየርበት ብዙም አልጎረበጠው። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ማሽኖቻቸው በዚያ ነው የሚሠሩት። ሙኒክ ላይ ፖለቲካም ነበረበት፤ ሁሉንም በፋይል አለመጣጣም አላሳብብም። እኔ ግን ለአንዲት ላፕቶፕም ቢሆን የፈረንሳዮቹን መንገድ ነው የመረጥኩት። ዊንዶውስን ሳልለቅ የኦፕንኦፊስ ዘመድ የሆነውን ሊብረኦፊስን ጭኜ ሦስት ሳምንት ሠራሁበት።

በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን የፋይናንሷ እትዬ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የላክልኝ? ፊርማዬ ብቻውን ሦስተኛ ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል!» ሁለት ገጽ ሆኖ የወጣ ደብዳቤ እሳቸው ጋ ሲደርስ ሦስት ሆኗል። ምክንያቱ ፎንት ነው። አማርኛውን የጻፍኩት አንድ ከኢንተርኔት ባወረድኩት ፎንት ነበር። እሳቸው ማሽን ላይ ያ ፎንት የለም። ስለዚህ የሳቸው ዎርድ ኒያላን ተካበት። ስፋታቸው ስለሚለያይ መስመሩ ተገፋ፣ አንቀጹ ተገፋ፣ ፊርማውም ተሰደደ። ሊኑክስ ላይ ይኸው ነገር በተገላቢጦሽ ይመጣል። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ እዚያ አይገኝም። ለእንግሊዝኛው መላ አለው፤ በካሊብሪ ፈንታ ካርሊቶ የሚባል ስፋቱ ልክ እንደሱ የሆነ ፎንት አለ፤ ገጹ አይናጋም። ለአማርኛው ያገኘሁት መፍትሔ ሁለታችንም ማሽን ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጫን ነበር። በነፃ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ። እትዬ እስካሁን ኢሜይል ሲደርሳቸው «ፊርማዬ ቦታው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል።

ከዚህ የባሰው አሮጌው ፋይል ነው። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ጊዜ የተጻፉ የቃለ ጉባኤ ፋይሎች አሉን። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ «ቃለ ጉባኤ» የሚለው ርእስ ዘውድና ጭራ የተቀጠለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ሆኖ ይወጣል። ሊኑክስ አበላሸው ብሎ የሚያማርር ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። የድሮዎቹ ፎንቶች የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድሮው የጻፍን ብዙ ነን። እነዚህን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል። ዊንዶውሱ ሳይነሳ፣ ፎንቱ እያለ፣ ዋናውና የተለወጠው ጎን ለጎን ሆነው እየታዩ ቢደረግ ይመረጣል። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

አማርኛ መጻፉ ግን ቀላል ነው። ኡቡንቱ ላይ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ከጫናችሁ በኋላ ከኪቦርድ ምርጫ ውስጥ አማርኛን ታገኛላችሁ። ሰላም ለማለት በላቲኑ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላችሁ ትመታላችሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ነው። አዎ፣ ምልክቱ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል። ስቲከር ለጥፉበት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሊኑክስ የማይሆነው ሰው አለ። ሒሳብ የሚሠራው በፒችትሪ ከሆነ አትንኩት። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስኬጃ መንገዶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በወር መጨረሻ ደመወዝ በሚዘጋበት ሌሊት ግን ማንም የሒሳብ ሠራተኛ የኔ ሙከራ መለማመጃ እንዲሆን አልፈልግም። በማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ በሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የታጨቀ ኤክሴል ያላቸውም እንዲሁ። ማክሮው ሊብረኦፊስ ላይ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይንገዳገዳል። እኛ ቢሮ ካሉት እትዬን ጨምሮ የፋይናንስ ሰዎች አንዳቸውም አልዞሩም። እንዲዞሩም አልጠየቅኩም።

ቁልፍና ፋይል ከተስተካከለ የቀረው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው ብያለሁ። ዊንዶውሱን ከጎን ላቆየው የምትሉ ግን አንድ ነገር ትገረማላችሁ። ሊኑክስ ከፍታችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያስቀምጠዋል። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በአንዲት ትእዛዝ ይስተካከላል። በ6 ሰዓት ልዩነት ቀጠሮ ስንይዝ ለኖርን ሰዎች 3 ሰዓት ምንም አይደለም፤ ብሮውዘሩ ግን እንደኛ ታጋሽ ስላልሆነ ድረ ገጾችን አልከፍትም ሊል ይችላል።

ዋይፋዩ እምቢ ካለ ደግሞ አትደንግጡ። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዳታውን አጋሩት። ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይቀበለዋል። የዋይፋዩን ድራይቨር በዚያ ታወርዳላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የኔ ጠረጴዛ የፍላሽ ክሊኒክ ሆኗል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ታውቁታላችሁ። ሰው ፍላሹን ይዞ እያለቀሰ ይመጣል፤ «ፋይሌ ሁሉ ጠፋ» ይላል። እኔ ማሽን ላይ ሲሰካ ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ሾርትከቶቹ ደግሞ ምንም የማይሠሩ ፋይሎች ሆነው ይደረደራሉ። ደህናውን ቀድቶ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ መመለስ ነው። አይቲ ኃላፊው ራሳቸው ባለፈው ሰኞ አንድ ፍላሽ ይዘው መጡ። «እስቲ በዚያች በጠፋችው ማሽን እይልኝ» አሉኝ።

እሺ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ 10 ፍላሽ አለ። ግማሾቹ ላይ ኡቡንቱ 24.04 ተጭኗል፤ ፋይሉ 6 ጊጋ ይጠጋል። የተቀሩት ላይ ሊኑክስ ሚንት አለ፤ 3 ጊጋ አይሞላም። ላፕቶፕ የያዛችሁ ዲስካችሁን ሳትነኩ ከፍላሹ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን እዩ። ቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ፣ ያለው ማሽን የያዛችሁ ግን ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ ቅንብር እንዳትነኩ፤ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁልፍ መጀመሪያ ይዛችሁ ኑ። የመሥሪያ ቤት ማሽን የያዛችሁ ደግሞ ለኃላፊያችሁ አሁኑኑ ደውሉላቸው። ሰኞ ጠዋት እስኪደውሉላችሁ አትጠብቁ።