እግር ሁለት፣ ገመድ ሃያ አራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጥጥ ማቅለም እንደምቀጥል ቃል ገብቼ ነበር፤ ነገር ግን አጎቴ በስልክ የተናገሩት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ የማቅለሙ ወሬ ይቆየን። አዎን፣ ጉዳዩ አሁንም የሽመና እቃዬን መርገጫዎች ከድር ማንሻዎቹ ጋር በገመድ ማሰር ነው። ገመድ ለማሰር ስተኛ ስለምጠቀምበት ትራስ «ትራሱስ?» ብላችሁ ለምትጽፉልኝም፣ ትራሱ ዛሬም ከሽመና እቃው ስር ነው፤ የሚወጣበት ቀንም የተቆረጠ አይመስለኝም።

አጎቴ በቪዲዮ ሲደውሉ በጀርባዬ ተኝቼ ገመድ እያሰርኩ ነበር። ስልኩን አዙሬ የገመዱን ጫካ አሳየኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሊያደንቁኝ ይችላሉ ብዬም ጠብቄ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሠሩ ሰው ናቸውና እቃ ሲያዩ አይቸኩሉም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ እግርሽ ሁለት ነው፤ ይህ ሁሉ ገመድ ለማን ነው?» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ያንን ዝምታ ደጋግሜ ሳስበው፣ ጥያቄ ይሁን ተግሣጽ ወይስ የሙያ ሰው ሐዘኔታ፣ አንዱን ለይቼ ልይዘው አልቻልኩም።

በእርሳቸው እቃ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰዳል፤ መርገጫው ሁለት፣ ድር ማንሻውም ሁለት ነው፤ ሁለቱ ማንሻዎች ከላይ ስለተያያዙ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። አንድ ጊዜ የታሰረው ገመድ ለሚቀጥለው ድርም ያው ነው። የእኔ ግን የስዊድኖቹ ካውንተርማርች የሚባለው የሽመና እቃ ነው፤ አራት ድር ማንሻና ስድስት መርገጫ አለው። እያንዳንዱ መርገጫ ከአራቱም ማንሻዎች ጋር የግድ መገናኘት አለበት፤ በማንሻዎቹና በመርገጫዎቹ መካከል ካሉት አግዳሚ እንጨቶች፣ የሚወርደው ማንሻ በላይኛው፣ የሚወጣው በታችኛው በኩል ይታሰራል። አራት ጊዜ ስድስት ሃያ አራት ገመድ ነው። ስምንት ማንሻና አሥር መርገጫ ላለው ሰው ሰማንያ ይሆናል፤ ለእርሱ ፈጣሪ ይድረስለት። ጥቅሙ አይካድም፤ ድሩ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል አፉን ስለሚከፍት ጠበቅ ተደርጎ የተወጠረ የተልባ እግር ክር እንኳ አያስቸግርም።

ይህን የማሰር ሥራ የሚያቀልሉ ዘዴዎችን በተመለከተ ያልሞከርኩት ብዙ አይደለም። የድሮው ዘዴ ከአግዳሚው ላይ የሚወርደውን ገመድ በማነቂያ ቀለበት አድርጎ፣ ከመርገጫው የሚወጡትን ሁለት ጫፎች በውስጡ አሳልፎ ከላዩ በአንድ ግማሽ ቋጠሮ መያዝ ነው፤ ሲረገጥ ይጠብቃል፣ ማስተካከል ሲያስፈልግም በቀላሉ ይላላል። ቴክሶልቭ የሚባለው ገመድ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ ስላለው ቋጠሮ አይፈልግም፤ ትንሽ የፕላስቲክ ሹል በቀዳዳው መሰካት ይበቃል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ገመዶቹን ከአግዳሚዎቹ ላይ ሳያወልቁ እንደተንጠለጠሉ መተውና በየድሩ ከመርገጫው ስር ያለውን ሹል ብቻ መቀየር ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንሻዎቹን የሚይዙት ከላይ ያሉት ዘንጎች በሽብልቅ መቆለፍ፣ መርገጫዎቹም በጣውላ ተደግፈው እኩል ከፍታ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ይህ ሳይሆን ከቀረ አንዱ ማንሻ በአንዲት ቀዳዳ ልክ ዝቅ ይልና መወርወሪያው በድሩ ላይ መንሸራተቱን ትቶ ከሦስትና ከአራት ክር ስር ሹልክ ይላል፤ ጉድለቱ የሚታየውም ብዙ ከተሠራ በኋላ ነው።

የአጎቴን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ዘዴም አለ። ማንሻዎቹን ወደ ላይ ብቻ በሚያነሣው ጃክ በሚባለው እቃ ላይ እያንዳንዱን መርገጫ ከአንድ ማንሻ ጋር ብቻ ማሰር ይቻላል፤ አራት መርገጫ፣ አራት ገመድ። አንደኛውና ሦስተኛው በግራ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በቀኝ ጎን ለጎን ከሆኑ፣ ለተራው ሽመና ግራ እግር ሁለቱን በአንድ ላይ ይረግጣል፣ ቀጥሎ ቀኝ እግር የራሱን ሁለት ይረግጣል። ሁለት ሁለት ማንሻ ለሚያነሣው ሰያፍ ሽመና ደግሞ ግራው ከራሱ አንዱን፣ ቀኙም ከራሱ አንዱን ይይዛል፤ ከማግ ወደ ማግ ሲታለፍም የሚንቀሳቀሰው አንዱ እግር ብቻ ነው። እንዴት ያምራል! በእኔ እቃ ላይ ግን አይሠራም፤ አንዱ መርገጫ ወደ ላይ የሚሰደውን ማንሻ ሌላው ወደ ታች ስለሚጎትተው፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲረገጡ ተጓትተው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ላስረዳቸው ስጀምር አጎቴ «እሺ» አሉ። ያንን «እሺ» ታውቁታላችሁ።

እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በሁለት መርገጫ የሚወጣው ተራ ሽመና ነው፤ ጥለቱን የሚሠሩት በእጃቸው ክር እየለዩ፣ ቀለሙን በየመስመሩ እያስገቡ ነው። ታዲያ ድካሙ ቀረላቸው ወይስ ወደ ጣቶቻቸው ሄደ? እኔ ከወለሉ ላይ ተኝቼ የምጨርሰውን እርሳቸው በየማጉ ይከፍሉታል ልል ነበር፤ ነገር ግን ጉልበታቸው ከዚያ ጉድጓድ ቅዝቃዜ ምን እንዳተረፈ ሳስታውስ የቀላልና የከባድ ንጽጽሩ ራሱ ያሳፍረኛል። እኔ ደግሞ ስለ ትራስ አወራለሁ።

ምናልባት በሚቀጥለው ድር ሁለት መርገጫ ብቻ አስሬ፣ ማለትም ስምንት ገመድ፣ ጥለቱን በእጅ ልሞክረው ይሆናል። ስምንት ብዙ አይደለም። ግን ያኔ አራቱ ማንሻዎች ለምን አስፈለጉኝ? ሰያፉንስ ቢያምረኝ? አራቱን መርገጫዎች መልሼ ላስር ነው፣ ድሩ ተወጥሮ እያለ ደግሞ ከስር መግባቱ…