ለእንቁጣጣሽ የቱ ሻምፓኝ?

እሺ... ሻምፓኝ በበረዶ ብቻ ይቀዝቅዝ ወይስ በረዶው ውኃ ይጨመርበት የሚለው ክርክራችን ይቆየን፤ መመለሴ አይቀርም። ዛሬ የከነከነኝ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ለእንቁጣጣሽ የሚገዛ ሰው ዋጋውንና ወርቃማውን ወረቀት አይቶ ይከፍላል፤ በደቃቁ የተጻፈውን ማን ያነባል?

«ብሩት» ካለ ስኳሩ በሊትር ከ12 ግራም አይበልጥም። «ኤክስትራ ድራይ» ከ12 እስከ 17 ነው፤ አዎ፣ ከብሩት ይጣፍጣል! «ድራይ» (ያልጣፈጠ) የሚለውን አይቶ፣ ጣፋጭ አልወድም ብሎ እሱን የሚያነሳ ስንቱ ነው። «ደሚ ሴክ» ከ32 እስከ 50። ወይኑ የተለቀመበት ዓመት የተጻፈበት ቢያንስ 3 ዓመት ምድር ቤት የቆየ ነው፣ ያልተጻፈበት 15 ወር። ዓመት አለው ብላችሁ ብቻ እጥፍ አትክፈሉ፤ ደህና ብሩት ለምርቃት ይበቃል።

ደግሞ አከፋፈቱ! ነቅንቆ ማፈንዳት... ያማል እኮ። ውስጡ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ግፊት አለ፤ ስትነቀንቁት ግማሹ ወለል ላይ ይቀራል፣ ቡሹም ዓይን ያጠፋል። ቀስ ብለን እንየው። ወረቀቱን ላጡ። አውራ ጣታችሁ ቡሹ ላይ ይሁን፣ ከዚህ በኋላ አይነሳም። ሽቦውን ስድስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ዙር አላሉት፤ አታውልቁት፣ ለመያዣ ይጠቅማል። ጠርሙሱን ከሰው ፊት አዙራችሁ አዘንብሉት። አሁን ቡሹን አጥብቃችሁ ያዙና የምታዞሩት ጠርሙሱን ነው፤ ጠርሙሱን! ቡሹ ሊወጣ ሲገፋችሁ መልሳችሁ ተጫኑት፣ በጎኑ ትንሽ ትንሽ ይተንፍስ። «እፍ» ካለ ተሳክቷል። ገንፍሎ ከወጣ፣ አልቀዘቀዘም ወይም መንገድ ላይ ተንገላቷል።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት። በባልዲ ከሆነ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውኃ፣ 30 ደቂቃ። ይኸው ተመለስኩበት፦ በረዶ ብቻውን በመሃሉ አየር ስላለ ጠርሙሱን በደንብ አይነካውም፤ ውኃው ነው የሚያቀዘቅዘው። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ግን ሊፈነዳ ይችላል። አንዱ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ነው፣ ለ6 ሰው ይዳረሳል።

የቀረው ዶሮ ወጡ ነው። አረፋው በርበሬውን ያባብሰዋል፣ ብሩት ደግሞ ለማብረጃ የሚበቃ ስኳር የለውም። ስለዚህ ደሚ ሴክ... ልበል? ከድፎ ዳቦም ይሄዳል። ግን ገና ሳይበላ፣ ለምርቃቱ ከሆነ ብሩት ይሻላል፤ ምራቅ ያስወጣል፣ ሆድ ይከፍታል። ሁለቱንም ግዙ እንዳልል ዋጋው... አልጫ የሚሠራ ቤትስ? እሱ እንኳ ብሩቱን ይችለዋል መሰለኝ፣ ቅቤው ካልበዛ...