«ኢትዮጵያዊት» የተባለችው የጊኒ ሴት

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አምስት የራስ ቅሎች ነው። ነገሩ ከበድ ይላል፣ ግን ቡናችሁን ያዙና እንጫወት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አደራ እንዳትቀላቅሉት።

ዓመቱ 1795 ነው። ቦታው ጀርመን፣ ጎቲንገን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ዮሐን ፍሪድሪሽ ብሉመንባኽ የሚባል የሕክምና ፕሮፌሰር ስለ ሰው ልጅ ልዩነት የጻፈውን መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ አሻሽሎ አሳተመ። የጻፈው በላቲን ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። አምስት የራስ ቅሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መሐል ላይ የአንዲት የጆርጂያ ሴት። በአንድ በኩል የካሪብ ሰው፣ ከእሱ ቀጥሎ የሳይቤሪያ ቱንጉስ። በሌላ በኩል የታሂቲ ሰው፣ ከዚያ ጫፍ ላይ «ኢትዮጵያዊት» የተባለች ሴት።

ከዚህ ድርድር ጋር አምስት ስሞች ለዓለም ተሰጡ። ካውኬዢያን፣ ሞንጎሊያን፣ ኢትዮጵያን፣ አሜሪካን፣ ማላይ። አሜሪካ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ የመጀመሪያው ዛሬም በፖሊስ ሪፖርት ላይ፣ በሐኪም ማስታወሻ ላይ አለ። ሰዉ እንደ ደም ዓይነት ያለ የተረጋገጠ ነገር አድርጎ ነው የሚጠራው።

ጫፍ ላይ ካለችው ልጀምር። በስማችን የተጠራችው እሷ ስለሆነች። ይቺ ሴት ከጊኒ ናት። ያኔ ጊኒ ሲባል የምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። የአንድ ሆላንዳዊ ቁባት ነበረች። ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ አምስተርዳም ውስጥ ሞተች። አስከሬኗን የዩትሬክት ፕሮፌሰር ከፍቶ መረመረ፣ የራስ ቅሏም ጎቲንገን ደረሰ። ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከአክሱም ጋር የሚያገናኛት አንድም ነገር የለም። ግን እሷ ናት «ኢትዮጵያዊቷ»።

መሐል ያለችውስ? እሷ ደግሞ ምርኮኛ ናት። ሩሲያና ቱርክ ሲዋጉ ሩሲያውያን ማርከው ወደ ሞስኮ ወሰዷት። እዚያ በድንገት ሞተች። አንድ የአናቶሚ ፕሮፌሰር አስከሬኗን መረመረ። የራስ ቅሏ ባሮን ፎን አሽ እጅ ገባ። አሽ የሩሲያ ጦር ሐኪም ነው፣ በወጣትነቱ ጎቲንገን ተምሯል። እሱ ደግሞ በ1793 ለወዳጁ ለብሉመንባኽ በስጦታ ላከለት። ብሉመንባኽ ሳጥኑን ከፍቶ አየና ወደዳት። እንዲህ ያለ የራስ ቅል አይቼ አላውቅም የሚል ነው ነገሩ።

እስቲ አስቡት። በወንዶች እጅ ከአገር አገር ሲጎተቱ የሞቱ ሁለት ሴቶች። መጽሐፉ ላይ ስም የላቸውም። አንዷ የውበት መለኪያ፣ ሌላዋ የጥግ ምሳሌ ሆኑ።

ብሉመንባኽ «ካውኬዢያን» የሚለውን ስም ለምን እንደመረጠ ራሱ ጽፎታል። የካውካሰስ ተራራ አካባቢ፣ በተለይ ደቡባዊው ቁልቁለት፣ ከሁሉ የሚያምረውን ሕዝብ ያፈራል፤ እሱም ጆርጂያውያን ናቸው ይላል። የሰው ልጅ የመጀመሪያ መኖሪያም እዚያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያስባል። ታዲያ ካውካሰስ ሄዷል? አልሄደም። ምስክር አድርጎ የጠራው ዣን ሻርዳን የሚባል ፈረንሳዊ የጌጣጌጥ ነጋዴ ነው። ሻርዳን በ1670ዎቹ ወደ ፋርስ ሲሄድ በጆርጂያ አልፏል። አንዲት መልከ ጥፉ ሴት አላየሁም ብሎ ጻፈ። የጆርጂያ ሴቶች ቁንጅና በአውሮፓ የተወራው ደግሞ ለቱርክና ለፋርስ ቤተ መንግሥቶች በባርነት ይሸጡ ስለነበር ጭምር ነው። ገበያው ነው ዝናውን የሠራው። እኔ ሳነበው የገረመኝ ይኼ ነው። የአንድ ነጋዴ አድናቆትና በስጦታ የመጣ አንድ ሳጥን የግማሽ ዓለም ሕዝብ መጠሪያ ሲሆኑ።

ስሙን ከእሱ በፊት የተጠቀመ ሰው ነበር። እዚያው ጎቲንገን የሚያስተምር ክሪስቶፍ ማይነርስ የሚባል ፈላስፋ፣ በ1785። ማይነርስ ነገሩን አላወሳሰበውም፤ ሕዝቦችን ቆንጆና አስቀያሚ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። ስለ እሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም።

ብሉመንባኽ ግን እንደሱ አልነበረም፤ እኔንም ያስቸገረኝ ይኼው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የሰው ልጅ አንድ ነው ብሎ አጥብቆ የተከራከረ ሰው ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር ቀስ እያለ ስለሚቀላቀል መሐላቸው ድንበር ማስመር አይቻልም ብሎ ጽፏል። የባሪያ ንግድን ይቃወም ነበር። ጥቁሮች የጻፏቸውን መጻሕፍት እየፈለገ ይሰበስባል። በባርነት አሜሪካ የተወሰደችውን ገጣሚ ፊሊስ ዊትሊን ያነባል፣ ፈላስፋውን አንቶን ቪልሄልም አሞን ያደንቃል። ስዊዘርላንድ፣ ኢቨርዶን ውስጥ አንዲት ጥቁር አዋላጅ አግኝቶ በመልኳም በአነጋገሯም ተደንቋል፤ ስለዚያም ጽፏል። ድንበር የለም ያለው እጅ ነው አምስቱን ሳጥን የሠራው። ድንበር የለም ያለውን አንባቢው ረሳ። ሳጥኖቹን ግን ተሸክሞ ሄደ።

ከእሱ በፊት የነበሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ስዊድናዊው ሊኒየስ፣ ያ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን ሁሉ ስም ያወጣላቸው ሰው፣ በ1735 ሰውን በአራት መደበ። አውሮፓዊ፣ አሜሪካዊ፣ እስያዊ፣ አፍሪካዊ። በ1758 ደግሞ ለያንዳንዱ ጠባይ ጨመረለት። አውሮፓዊው በሕግ ይመራል። አፍሪካዊው ሰነፍና ተንኮለኛ ነው፣ እንዳሰኘው ይኖራል። ሊኒየስ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም።

ከሊኒየስም ቀድሞ በ1684 ፍራንሷ በርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አለ። ስሙን ሳይጽፍ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ምድርን በአገር ሳይሆን በሰው ዘር እንከፋፍላት አለ። አራት ወይም አምስት ዘር አየሁ ይላል፤ ቁጥሩን ራሱ አልወሰነም። ይኼ በርኒዬ መጀመሪያ መሄድ የፈለገው ወዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? ጎንደር። ከግብጽ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ወረደና የየመን ወደብ ሞካ ደረሰ። እዚያ ግን ካቶሊክ ሆነህ አትሂድ፣ ኢየሱሳውያን ከተባረሩ ወዲህ አገሩ አይቀበልህም አሉት። ስለዚህ መርከብ ተሳፍሮ ሕንድ ገባ። ዴሊ ሳለ ደግሞ ከአፄ ፋሲል ወደ ሕንዱ ንጉሠ ነገሥት ወደ ኦራንግዜብ የተላኩትን መልእክተኞች አገኘ፣ ስለ አባይ ምንጭ ጠየቃቸው። እንዲያው ሳስበው፣ ጎንደር ገብቶ ጥቂት ዓመት ቢኖር ያ ጽሑፍ ምን ይመስል ነበር እላለሁ። ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። ሰው አይቶም የፈለገውን ይጽፋል።

ወደ ብሉመንባኽ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። የተወለደው ጎታ የምትባል የጀርመን ከተማ ነው፣ በ1752። የታሪክ ወዳጆች ጎታ ሲባል አንድ ስም ይመጣላችኋል። አባ ጎርጎርዮስ! የመካነ ሥላሴው፣ የአምሐራው ሰው። በ1652፣ ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ለጀርመናዊው ምሁር ለሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። የኢትዮጵያን ታሪክ እየነገሩ ጽፎታል። የሉዶልፍ መጽሐፍ በ1681 ታተመ፣ የጀርመን ምሁር ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ የሚባል ሰው አገሩ፣ ቋንቋው፣ ፊደሉ ምን እንደሆነ ጀርመን ውስጥ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ብሉመንባኽ የወሰደው ግን የጥንት ግሪኮችን አጠራር ነው፤ ከግብጽ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ በጅምላ የሚጠሩበትን። ከሰሜኑ በቀር አፍሪካዊ በሙሉ «ኢትዮጵያን» ተባለ።

ይኼ ስም አሜሪካ ሲደርስ ሌላ ሕይወት አገኘ። እዚያ ያሉ ጥቁሮች «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የዳዊት ቃል የራሳቸው አደረጉት። ኒውዮርክ ውስጥ በ1808 አቢሲኒያን ብለው ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ከአድዋ በኋላማ ስሙ ኩራት ሆነ። ምደባ ሆኖ የተሰጣቸውን ስም እንደ ርስት ያዙት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደስ የሚለኝ ክፍል ይኼ ነው።

እኛስ? እኛ ደግሞ ከ«ኢትዮጵያን» ዘር ተባረርን! አልቀለድኩም። ከብሉመንባኽ በኋላ የመጡት ሰዎች እኛን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ሐውልት አለ፣ ፊደል አለ፣ መንግሥት አለ። ይኼን ጥቁር ሊሠራው አይችልም ብለው ስለተነሱ አንድ መውጫ ፈለጉ። «ሐማውያን» የሚል ክፍል አበጁና የካውኬዢያን ቅርንጫፍ ነው አሉ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ሴሊግማን በ1930 በአፍሪካ ሥልጣኔ ተብሎ የሚጠራው ሁሉ የሐማውያን ነው ብሎ ጻፈ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ካርልተን ኩን መለኪያውን ይዞ አገራችን ድረስ መጣ፣ የሰው ጭንቅላትና አፍንጫ ለካ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ካላወራሁ ልክ አይመጣም። ጋሼ የምላቸው የቤተሰብ ወዳጅ አሉኝ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ አሜሪካ ብዙ ኖረዋል። ስለ ዘር ወሬ በተነሳ ቁጥር «ልጄ፣ እኛ እኮ ከእነሱ አይደለንም። ሐማውያን ነን፣ ተጽፏል» ይላሉ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት። ይኼን ነገር ያልሰማ ሐበሻ አለ? አንድ ቤት ውስጥ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ተባብለን ነው ያደግነው። ያ መልክን መግለጫ ነው ብለን እንለፈው። ግን ጠቆር ያለውን የአገራችንን ሰው የምንሰድብባቸው ቃላትም ነበሩን። የፈረንጁ መጽሐፍ ያን ንቀት አልፈጠረውም፣ ማኅተም ነው ያተመበት። ለዚያም ይመስለኛል እንደዚያ የወደድነው።

ማኅተሙ ግን አልጠቀመንም። ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የሚባል ጣሊያናዊ አንትሮፖሎጂስት በ1937 ከጥናት ቡድን ጋር ጣና አካባቢ ሰው ይለካ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፋሺስቱ መንግሥት ሕግ አወጣ። ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። በ1938 የወጣውን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት ምሁራን አንዱ ይኸው ቺፕሪያኒ ነው። ሐማዊ ነህ፣ ካውኬዢያን ነህ ያለን ሳይንስ እዚያ የት ነበር?

ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ይብሳሉ። በ1933 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮልዳን የተባለ ፊሊፒናዊ ነጭ እጮኛውን ሊያገባ ፈቃድ ጠየቀ። የካሊፎርኒያ ሕግ ነጭና «ሞንጎሊያን» እንዳይጋቡ ይከለክላል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የብሉመንባኽን አምስት ክፍሎች አይቶ ፊሊፒናዊ ማላይ ነው፣ ሞንጎሊያን አይደለም ብሎ ፈቀደለት። የክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪ ግን በዚያው ዓመት ሕጉ ላይ «ማላይ» የሚለውን ጨመረበት።

ከዚያ በፊት የነበረው የሲንግ ቲንድ ጉዳይ ነው ለጋሼ የነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ለማግኘት ያኔ ወይ ነጭ ወይ የአፍሪካ ተወላጅ መሆን ያስፈልጋል። በ1922 ጃፓናዊው ኦዛዋ ቆዳዬ ነጭ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ነጭ ማለት ካውኬዢያን ማለት ነው፣ አንተ አይደለህም ተባለ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ብሃጋት ሲንግ ቲንድ ቀረበ። ሕንዳዊ ነው፣ የፑንጃብ ሲክ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን መለዮ ለብሷል። በእናንተው ሳይንስ እኔ ካውኬዢያን ነኝ አለ። እውነቱን ነው፣ መጻሕፍቱ እንደዚያ ይላሉ። በ1923 ያው ፍርድ ቤት፣ ያው ዳኛ ጽፎት፣ ሳይንሱን ተዉት፤ ተራው ሰው ነጭ የሚለው ማንን ነው? ብሎ መለሰው።

ዳኛው እዚያው ውሳኔ ላይ መጻሕፍቱን ሲያጣጥል ምሳሌ ያነሳል። እነዚህ ሊቃውንት እኮ የአፍሪካ ሐማውያንን ሳይቀር ካውኬዢያን ውስጥ ያስገባሉ፣ መደበኛው ነጭ አሜሪካዊ ይኼን ቢሰማ ይገረማል ይላል። እኛን ነው የጠቀሰው! እንደ ቀልድ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ዳኛው ራሱ የየት አገር ሰው ነው?» አሉ።

«ሰዘርላንድ ይባላል፣ ጋሼ። እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነው።»

ሳቃቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ። ሐማውያን ነን ማለቱን ግን ትተዋል ብዬ አልዋሻችሁም።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ አንቶን ቪልሄልም አሞ እናወራለን። ከዛሬዋ ጋና በሕፃንነቱ ተወስዶ፣ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ስላስተማረው ሰው። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።