«በምን አወቅህ?» – ለወሎ ሯጮች፣ ለአሰልጣኞቻቸውና ለወላጆቻቸው ደሴ ላይ የቀረበ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

ወሎ ነውና ሁለቱንም ብያለሁ። አንዱን ብቻ ብል እናቴ ትቆጣኛለች።

አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ከፊት ቱታ ለብሳችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ እንደመጣችሁ ከዓይናችሁ ያስታውቃል። እኔ እያወራሁ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ አልቀየምም። ከእኔ ንግግር ይልቅ እንቅልፉ ይጠቅማችኋል።

እኔ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ድሮ ሯጭ ነበርኩ፤ ለአጭር ጊዜ። ለምን አጭር እንደሆነ ልንገራችሁ።

17 ዓመቴ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ አሰልጣኝ ነበረን። ደግ ሰው ነበር፤ ከኪሱ አውጥቶ ጫማ ይገዛልን ነበር። ግን «ያልደማ አይሮጥም» የሚል አንድ እምነት ነበረው። ስለዚህ በየቀኑ እንደማ ነበር። ሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን፣ ማክሰኞ ፍጥነት፣ ረቡዕ ጦሳ ተራራ፣ ሐሙስ እንደገና ፍጥነት። ቅልጥሜን ሲያመኝ «ሲሞቅ ይተውሃል» አለኝ። እውነትም ሲሞቅ ይተወኝ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሲሞቅም አልተወኝም። ቆይቶ ማታ ተኝቼም ያመኝ ጀመር። ራጅ ስነሳ አጥንቱ ተሰንጥቋል።

«ያልደማ አይሮጥም» በምን ታወቀ? ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። በእኛ አገር ታላቅን «በምን አወቅህ?» ማለት ነውር ይመስላል። ዛሬ ነውሩን እኔ ልጀምርላችሁ። ምክር ሲሰጣችሁ በአክብሮት ጠይቁ። በማን ላይ ተሞከረ? ያልሞከረው ሰውስ ምን ሆነ? ምክሩን የሚሰጠው ሰው የሚሸጠው ነገር አለው?

ያኔ ሲያመኝ ሁልጊዜ የሚጠቀስብኝ አበበ ቢቂላ ነበር። «አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በ40 ቀኑ ገደማ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወሰደ፤ አንተ ለቅልጥም ታለቅሳለህ?» ታሪኩ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ሆኗል። ግን ከአራት ዓመት በኋላ የሆነውን ማንም አልጨመረልኝም። ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ የእግሩ አጥንት ተጎድቶ ውድድር ገባ። ግማሽ ሳይደርስ አቋረጠ። ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። የተሰፋ ሆድ እየሮጡም ሊድን ይችላል። የተሰነጠቀ አጥንት ግን ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ነው። አንድ ጣት በሚሸፍነው ቦታ ላይ ስትነኩት የሚያማችሁ፣ ማታም የማይተዋችሁ ሕመም ካለ ሩጫ አቁሙና ታዩ። ማስታገሻ ውጣችሁ አትሩጡ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ዝም ያሰኙታል እንጂ ስንጥቁን አይደፍኑትም። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀስ ብላችሁ ሩጡ።

አውቃለሁ፣ ለሯጭ ይህን መንገር ያስቃል። ግን ስሙኝ። ስቴፈን ሳይለር የሚባል ኖርዌይ የሚሠራ አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። የዓለም ምርጥ የሚባሉ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎች፣ ቀዛፊዎች፣ ሯጮች ምን ያህል ጠንክረው እንደሚሠሩ ለዓመታት መዘገበ። ከ10 ልምምዳቸው 8ቱ ቀላል ሆኖ አገኘው። ጠንካራው ሁለቱ ብቻ ነው። «እነሱ ስለጎበዙ ነው እንጂ ቀስ ማለቱ አይደለም ያጎበዛቸው» የሚል ሰው ካለ ጥሩ ጠየቀ። ስፔን ውስጥ 12 ሯጮችን ለሁለት ከፍለው አምስት ወር አሠሯቸው። አንደኛው ቡድን ቀላሉን አበዛ፤ ሌላው መካከለኛውን፣ ያንን «ትንሽ ያዝ ያዝ የሚያደርግ» ፍጥነት ጨመረ። መጨረሻ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ የአገር አቋራጭ ሩጫ ለኩአቸው። ሁለቱም ተሻሻሉ። ቀላሉን ያበዛው ቡድን ግን ከሌላው በ36 ሰከንድ ያህል በልጦ ተሻሻለ። 12 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ዓለምን አንለውጥም። ግን ከሳይለር መዝገብ ጋር ሲገጥም ችላ የሚባል አይደለም።

ቀላል ማለት ምን ያህል ነው? ሰዓት አያስፈልጋችሁም። ሶምሶማ ላይ ሆናችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ወሬ ማውራት ከቻላችሁ ቀላል ነው። «እሺ... አዎ... ቆይ...» ብቻ ከሆነ አልፋችኋል። እዚህ ደሴ ችግሩ መሬቱ ነው። ከፒያሳ ተነስታችሁ በየትም ብትወጡ ዳገት ይጠብቃችኋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሶምሶማ ሳታስቡት ጦርነት ይሆናል። ቦሩ ሜዳ ሂዱ። ሐይቅ ዳር ሂዱ። ካልሆነም ዳገቱ ላይ ተራመዱ። የሚስቅባችሁ ይስቅ። አብሽሩ!

መሬታችን ጥቅምም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነውና በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል። መልካም ነው። ነገር ግን ፈጣን ልምምድ እዚህ ስትሠሩ ትንፋሻችሁ ከእግራችሁ ቀድሞ ያልቃል። እግሩ የሚችለውን ሳይሠራ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች 39 ሯጮችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ወደ 1,250 ሜትር እየወረደ ሠራ። ሁለተኛው እዚያው ከፍታ ላይ ኖረ፣ እዚያው ሠራ። ሦስተኛው ታች ኖሮ ታች ሠራ። ከአራት ሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትር የተሻሻለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በአማካይ 13 ሰከንድ ያህል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። እነዚያ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ያደረጉትን እኛ በኮምቦልቻ ሚኒባስ እናደርገዋለን! 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ልክ ነው፣ 1,250 ሜትር አይደለችም። ሯጮቹም ቆላ ያደጉ ነበሩ፤ እናንተ ግን እዚሁ ተወልዳችኋል። ስለዚህ 13 ሰከንድ ቃል አልገባላችሁም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ለፈጣኑ ኢንተርቫል፣ ማለትም በእረፍት እየተቆራረጠ ለሚሮጠው ልምምድ፣ ብትወርዱ እግራችሁ በሙሉ ፍጥነቱ ይዞራል። አደራ፣ መልሱን በእግር እንዳትሞክሩት። ያ የድሮው አሰልጣኜ ዘዴ ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች የወባ አገር መሆኑንም አትርሱ። ትኩሳት ካለ ልምምድ የለም፤ መጀመሪያ የደም ምርመራ።

እንግዲህ ወደ አስቸጋሪው ርዕስ ገባሁ። ቡና።

ወሎ ውስጥ ቡናን የሚተች ሰው ቤት አይገባም። አልተችም። ካፌይን ለሯጭ ይጠቅማል፤ ይህ በደንብ የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2004 መጀመሪያ ድረስ በብዛት መውሰዱ በአበረታችነት የተከለከለ ነበር፤ አሁን ተፈቅዷል። ችግሩ ቡናው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው።

ሯጭ አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን ያስፈልገዋል። ከፍታው የጨመረላችሁ ቀይ ደም የሚሠራው በአይረን ነው። ሴት ሯጮች ደግሞ በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። «ጤፍ አይረን ሞልቶታል» እንላለን። እውነት አለው፤ ግን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው። ከእህሉ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ እናቶች፣ በጥድፊያ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ለልጆቻችሁ አይበዛ።

እንግዲህ እንጀራው ቦክቷል፣ ምሳ ተበልቷል። ወዲያው ረከቦቱ ይቀርባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት የሚወስደውን አይረን በ39 ከመቶ እንደቀነሰው ለካ። ሻይ የባሰ ነው፤ 64 ከመቶ። በጣም የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ቀነሰ። የእኛ ልማድ ትክክል በዚያ መጥፎ ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው።

ምን ይሻላል? ቡናውን ከምሳ በፊት ማፍላት፣ አለዚያም ከሁለት ሰዓት በላይ ማቆየት። እንጀራው ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ጨምሩ፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያስገባዋል። ዱአው ይቆይ፣ ዕጣኑ ይቆይ፣ ጎረቤቱም ይጠራ። ሲኒው ብቻ ሰዓቱን ይቀይር። ድካም ከበዛባችሁ ፌሪቲን፣ ማለትም በሰውነታችሁ የተከማቸውን አይረን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ተመርመሩ። የአይረን ክኒን ግን ሳትመረመሩ አትዋጡ፤ ሲበዛም ጉበት ይጎዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው። ሴት ልጃችሁ ስትሮጥ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ «ሩጫ ስለጠነከረ ነው፣ ደህና ነው» አትበሉ። ደህና አይደለም። ከምታቃጥለው ያነሰ እየበላች ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይያት። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው በመጀመሪያ የሚቆጥበው እዚያ ነው፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ጉዳይ በይፋ አውጥቶ ወንዶችንም እንደሚነካ ገልጿል። አሰልጣኞች፣ ልጅን በሰው ፊት ሚዛን ላይ ማቆም ይቅርባችሁ። ክብደቷን ስትቀንስ ለጥቂት ወራት ሰዓቷ ይሻሻላል። ከዚያ እኔ ዘንድ ትመጣለች።

ጾምን በተመለከተ ረመዳንም ሁዳዴም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። እ.ኤ.አ. የ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በረመዳን ላይ ወድቆ ስለነበር ጉዳዩ በሰፊው ተጠንቷል። በተግባር የምመክረው ሶምሶማውን ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት፣ ጠንካራውን ካፈጠራችሁ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ እንድትሠሩ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙም ልምምዱን ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ አስጠጉት። ሽሮና ምስር ፕሮቲን አላቸው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእህል አይገኝም፤ በፍስኩ ወቅት እንቁላልና ወተቱን አትናቁ።

ውሃን በተመለከተ «ሳይጠማህ ጠጣ» የሚለውን ተውት። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 ከመቶው በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነው። ይህ ሊገድል ይችላል። ሲጠማችሁ ጠጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሄድ ሩጫ ስኳር ያስፈልጋችኋል፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም። በግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጢጥ ጨው፣ ሎሚ ጠብ። 37 ግራም ያህል ይሆናል። በቆርቆሮ ከሚሸጠው ውድ ዱቄት የሚያንሰው ማስታወቂያው ነው።

ስለ ዱቄቱ ካነሳሁ አይቀር፦ በጀርመን ኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የምግብ ማሟያ ምርቶች ተፈትሸው 94ቱ ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ሆርሞን ነክ ነገር ተገኝቷል። ተመርምራችሁ ከተያዛችሁ «አላውቅም ነበር» አያድንም። ጫትም እንዲሁ ነው። «ድካም ያነሳል» ይላችኋል አጎት። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ውድድር ላይ የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ እገዳ ሊያስከትል ይችላል። ዋዜማው ላይ በርጫ ገብቶ ነገ ለመሮጥ ማሰብ እንቅልፉንም ውጤቱንም አብሮ ማጣት ነው።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚህ በኋላ እሰማለሁ። ከተናገርኩት ሁሉ ላይም «በምን አወቅህ?» በሉኝ።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ቦሩ ሜዳ እገኛለሁ። የሚመጣ ይምጣ። ፍጥነቱ ከመካከላችን በጣም ዘገምተኛው ሰው እያወራ የሚሮጥበት ነው፤ እሱም ሳልሆን አልቀርም። ሲያልቅ ቁርስ አለ፣ ቃሪያና ሎሚም አለ። ቡናው ግን ቁርስ ከተበላ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚፈላው። ይህን እናቴ እንዳትሰማ።