የአንጀት ነርቮች እንዴት ይመዘገባሉ? የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ አንጀት የራሱ የነርቭ ሴሎች አሉት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ፣ በሁለቱ የጡንቻ ንጣፎች መካከልና ከውስጠኛው ልባስ ሥር፣ እንደ መረብ ተዘርግተው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ሆዴ ሲያጉረመርም የምሰማው የእነሱን ድምፅ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጋዝና ፈሳሽ ሲገፉ የሚሰማ ነው። ጡንቻ የሚሠራውን ለነርቭ አትስጡ፤ ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የነርቩ የኤሌክትሪክ ምልክት ራሱ በምን ይመዘገባል?

መልስ፦ ጥንታዊው መንገድ ጫፉ እጅግ የቀጠነ፣ በጨው ፈሳሽ የተሞላ የመስታወት ቧንቧ ወደ አንድ ሴል አስገብቶ ቮልቴጁን ማንበብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በጊኒ ፒግ ትንሹ አንጀት ላይ ይህን ሲያደርጉ ሁለት ዓይነት ሴሎችን ለይተዋል፤ አንዱ ከሌሎች ሴሎች ፈጣን መልእክት የሚቀበል ሲሆን፣ ሌላው አንድ ጊዜ ከተኮሰ (የኤሌክትሪክ ምልክት ከላከ) በኋላ ለብዙ ሰከንዶች ዝም የሚል ነው። ችግሩ ጡንቻው ሲኮማተር ቧንቧው ከሴሉ መውጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ የአንጀት ቁራጭ በካልሲየም ቀለም (በሴል ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር በሚያበራ ቀለም) ስመለከት ሴሎቼ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያበራሉ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ምናልባት ቁራጩ ተንቀሳቅሶብህ ይሆናል። በደንብ ወጥረህ በመርፌ አጣብቀው፤ ኒፌዲፒን የተባለው መድኃኒት የጡንቻውን መኮማተር ያስቆምልሃል። ካልሲየም የመተኮሱ ዱካ እንጂ መተኮሱ ራሱ አለመሆኑንም አትርሳ፤ ቮልቴጁ በጥቂት ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ብርሃኑ ግን ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮድ ሆዴ ላይ ለጥፌ፣ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ የአንጀቴን ነርቭ እመዘግባለሁ። ግራፉ ሲረጋጋ መድኃኒቴን እቀንሳለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሽቦውን ከሰውነትዎ ላይ ያንሱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ለሕክምና የሚሠራ መሣሪያ ሰውን ከሶኬት ኃይል የሚለይ መከላከያ ሲኖረው፣ በቤት የተገጣጠመው ብዙውን ጊዜ የለውም። ቻርጀሩ በተበላሸ ቀን የግድግዳው ኤሌክትሪክ አቋርጦ የሚያልፈው በእርስዎ ውስጥ ነው፤ የኤሌክትሮዱ ጄል ደግሞ ቆዳዎ ሊሰጥ የሚችለውን መከላከያ ያሳጣዋል። ይህንን ሁሉ አደጋ ተሸክመው የሚያገኙት የነርቭ ምልክት ቢሆን ኖሮ እንኳ አልደግፍዎትም ነበር፤ ግን አይደለም። የአንድ ነርቭ ሴል ምልክት ጡንቻ፣ ስብና ቆዳ አልፎ እስከ ላይ አይደርስም። ግራፍዎ ላይ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ ካለ፣ እርሱ የጨጓራ ጡንቻ ምት ነው፤ በዚያ ላይ የልብዎና የትንፋሽዎ ምልክት ይደባለቅበታል። በዚህ ተመርተው መድኃኒት መቀነስ ከኤሌክትሪኩ ያልተናነሰ አደጋ ነው። ስለ መጠኑ መድኃኒቱን ካዘዘልዎ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀቴ ናሙና ተወስዶልኛል፤ በእርሱ ላይ ነርቮቼን መመዝገብ ይቻላል?

መልስ፦ በምርምር ቤተ ሙከራ ይቻላል፤ ናሙናው ትኩስ እያለ ቮልቴጅ በሚያሳይ ቀለም ተቀብቶ በፈጣን ካሜራ ይታያል። በተለመደው ምርመራ ግን አይሠራበትም።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት የሆድ ድርቀት አለብኝ፣ ደምም አያለሁ። የትኛው ምዝገባ ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛውም። ዛሬ ወደ ሐኪም ይሂዱ።