ምልክት የሌለው ገዳይ

እንደምን አላችሁ አድማጮች። ዛሬ የማወራችሁ ከተዋናዮቹ አፍ አንዲት ቃል ስለማይሰማበት ፊልም ነው፤ አልፍሬድ ሂችኮክ በወጣትነቱ ስለሠራው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ለሕዝብ ስለቀረበው «ዘ ሎጀር»፣ ማለትም «ተከራዩ»።

ለንደን በጭጋግ ታፍናለች። ማክሰኞ ማታ በመጣ ቁጥር ወርቃማ ጸጉር ያላት ሴት ትገደላለች፤ ሬሳዋ ላይ ሦስት ማዕዘን የተሣለበት ወረቀት ይገኛል። አንዲት የዓይን ምስክር ገዳዩ ረጅም እንደሆነ፣ ፊቱንም እንደተሸፈነ ትናገራለች። ብዙም ሳይቆይ ክፍል የሚያከራዩ ባልና ሚስት በራቸው ይንኳኳል። ሚስትየዋ ስትከፍት ረጅም ሰው ቆሟል፤ ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ፣ ሻርፑ እስከ አፍንጫው። ተከራዩን የሚጫወተው ተዋናይ ኢቮር ኖቬሎ ነው። ደፉን ሳይረግጥ ፈረድንበት።

ከዚያ ምልክቱ ይደራረባል። በክፍሉ የተሰቀሉትን የወርቃማ ጸጉር ሴቶች ሥዕሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሦስት ማዕዘን የተሣለበት የከተማ ካርታ ይደብቃል። በክፍሉ ሲንጎራደድ ደግሞ ሂችኮክ ኮቴ ማሰማት ስለማይችል ወለሉን ከወፍራም መስታወት አሠርቶ ከሥር ቀረጸው። ቤተሰቡ ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ እኛ የሚመላለሱትን ጫማዎች እናያለን። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ!

በእኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጻድቁ በሁለት ዓይኖቹ ያየናል፣ ክፉው በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ሠዓሊው ሊያታልለን አላሰበም። ሂችኮክ ግን ምልክቱን ሁሉ የደረደረው እኛን ለማሳሳት ነው።

ጆ የተባለውን መርማሪ ፖሊስ ደግሞ ተመልከቱት። የቤቱን ልጅ ዴይዚን ይወዳል፤ ፍቅሩን ሊገልጽላት ከሊጥ ልብ ይቆርጣል። የዋህ ይመስላል። ይኸው ሰው በጨዋታ እጇ ላይ ካቴና ሲያስገባ ግን ልጅቷ ትደነግጣለች። ከገዳዩ ሦስት ማዕዘን ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ሲወድም ሲጠረጥርም መያዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። በኋላ ካቴናው በተከራዩ እጅ ላይ ይገባል። አምልጦ ሲሮጥ ካቴናው በብረት አጥር ላይ ተይዞ ያንጠለጥለዋል፤ ሕዝቡም ይቀጠቅጠዋል። አቀራረጹ ስቅለትን እንድናስብ ነው።

ተከራዩ ንጹሕ ነበር። የመጀመሪያዋ ሟች እህቱ ናት፤ በካርታው የገዳዩን ዱካ ይከተል ነበር። እውነተኛው ገዳይ ሌላ ቦታ ይያዛል፤ ፊቱን እንኳ አናይም።

ሂችኮክ ከዓመታት በኋላ ለፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ እንደነገረው፣ ሰውየው በጨለማ ውስጥ ጠፍቶ ገዳይ መሆን አለመሆኑን ሳናውቅ ብንቀር ይመርጥ ነበር። ግን ኖቬሎን የሚያህል ተወዳጅ ኮከብ ገዳይ ሊሆን ይችላል ተብሎ እንዲጠረጠር መተው አልተቻለም። በሂችኮክ ምርጫ አልስማማም፤ የገበያው ግፊት ፊልሙን ጠቅሞታል። ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የእኛ ፍርድ ትክክል ይሆን ነበር፤ ፊልሙም አያሳፍረንም ነበር። መጨረሻ ላይ ባለጠጋ ሆኖ በተገኘው ተከራይ ቤት ውስጥ ከዴይዚ ጋር ያለው መሳሳም ግን ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር።