የ12ኛ ክፍል ተጫዋቾች ርክክብ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ዝግጅት ዘንድሮ ለሚመረቁት የ12ኛ ክፍል እግር ኳስ ተጫዋቾች ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ በሆነ ሜዳ ለትምህርት ቤታችሁ ለተጫወታችሁ፣ ወንዶችም ሴቶችም። ወላጅ አብሮ ቢያዳምጥ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዱ ነገር በቀጥታ እሱን የሚመለከት ነው።

የስንብት ንግግር ሜዳ ላይ ያምራል። «ኮርተንባችኋል፣ ኳስ እንዳትተዉ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ቤት ሲገባ ግን ከንግግሩ የሚጨበጥ ነገር አይገኝም። እኔ ርክክብ ባደርግ ይሻለኛል። አሰልጣኝ መስመር ዳር ቆሞ ሲጮህ ነው የሚታየው። ሰው የማያየው ሥራ ደግሞ አለው፤ ወረቀት ይይዛል፣ ማሟሟቂያ ሳይዘለል ያሠራል፣ ጭንቅላቱን የተመታውን ልጅ «ደህና ነኝ» እያለ ጎትቶ ያስወጣል፣ «ይሄን ልጅ ልውሰደው» ብሎ የመጣውን ሰውዬ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ከሰኔ በኋላ ይሄ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው።

ከወረቀት ልጀምር። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ጥሩ ተጫዋች በእግሩ ሳይሆን በወረቀቱ ሲቀር እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም። የፊፋና የካፍ (የአፍሪካው እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በጃንዋሪ 1 ነው። የኛ ዓመት የሚገባው መስከረም ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. መስከረም 15 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2007 ተወለደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥር 15 የተወለደው ጓደኛው ደግሞ ጃንዋሪ 24 ቀን 2008። እዚህ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች እዚያ ሁለት የተለያየ ምድብ ውስጥ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ፎርም የሚሞላው ሰው የኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ሲለውጥ ለሁሉም 8 ሲደምር፣ ወይም ለሁሉም 7 ሲደምር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ለተወለደ 7 ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜ ለተወለደ 8። ቀኑንም እንዳለ አትገልብጡት። ጥር 15፣ ጃንዋሪ 15 አይደለም።

ቀጥሎ ስም። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፤ አምስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፀጋዬ አንዱ ላይ በ«ቲ» ብቻ፣ ሌላው ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ከተጻፈ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። የአያት ስምም እንደዚሁ። ማስተካከያው አሁን፣ ጊዜ እያላችሁ ነው የሚሠራው። ክለብ ጠርቷችሁ የዝውውር መስኮት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ወረዳ ብትሮጡ ሰልፉ አይጠብቃችሁም።

«ከዕድሜህ ሁለት ዓመት ቀንስ» የሚል መካሪ ከየሰፈሩ አይጠፋም። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይጠቀማል። አንጓው ላይ የአጥንቱ የማደጊያ መስመር ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ያኔ ቀንስ ያለው ሰው አጠገባችሁ አይኖርም። ፋይዳ ላይ የገባው ቀን ከትምህርት ማስረጃው ጋር ሲጋጭም ተጠያቂው ባለስሙ ነው።

ወደ ሰውነታችሁ ልምጣ። ፈተናው ይቅደም፣ በዚህ ላይ አልከራከርም፤ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው 50 በመቶ በኳስ አይሞላም። ግን ፈተናው ሲያልቅ ክረምት ይገባል፣ ሜዳው ይጨቀያል፣ ሰዉ ፊልም ላይ ይተኛል። ከሁለት ሦስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ትንፋሽ መውረድ ይጀምራል። ጉልበት ትንሽ ይቆያል እንጂ እሱም ይከተላል። መስከረም ላይ ስልክ ሲደወል ደግሞ የሁለት ወሩን በአንድ ሳምንት ለመመለስ ይሮጣል። የታፋ የኋላ ጡንቻ የሚጎዳው ያኔ ነው።

ለትንፋሽ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። አራት ደቂቃ ጠንክሮ መሮጥ፣ ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ይሄን አራት ጊዜ። ጠንክሮ ስል ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መናገር እስኪያቅታችሁ ነው፤ እያወራችሁ ከሮጣችሁ አልሠራችሁም። የኮንዶሚኒየሙን ኮብልስቶን ተዉት፣ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። የአስፋልቱ ዳር ይሻላል፣ በጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ።

ማሟሟቂያውን፣ የፊፋ 11 ፕላስን፣ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ ጉልበትና ሚዛን ከዝላይ ጋር፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። አሰልጣኝ ዞር ሲል የሚዘለለው ሁልጊዜ መካከለኛው ነው፣ ምክንያቱም እሱ ነው የሚያመው። እሱ ከወጣ የቀረው ሩጫ ብቻ ነው። ከመካከለኛው አንድ ብቻ ያዙ ብባል ኖርዲክ የምንለውን እመርጣለሁ። የታጠፈ ጃኬት ላይ ተንበርከኩ፣ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ከኋላ ይጫን፣ ከጉልበት እስከ ጆሮ ቀጥ ብላችሁ ወደ ፊት በዝግታ ውረዱ። መያዝ ሲያቅታችሁ መሬቱን በእጃችሁ ተቀበሉና ገፍታችሁ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ። ብዙዎቻችሁ ወገብ ላይ ትታጠፋላችሁ፣ ያኔ ሥራው ከታፋ ወደ ጀርባ ይሸሻል። ሌላው ስህተት በመጀመሪያው ቀን 15 መሥራት ነው፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል። ለሁለት ቀን መጠዝጠዙ ያለ ነው፣ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አይሠራም። ጓደኛ ከሌለ እግራችሁን የአልጋ ብረት ሥር አስገቡ፣ አልጋው ላይ ወንድማችሁን አስቀምጡ።

አንድ ሰው ብዙ የማያነሳው ነገር ልጨምር። እናንተ የምትጫወቱት ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሱሉልታ ያላችሁት ደግሞ ከዚያም በላይ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል። ድሬዳዋ ወይም አርባ ምንጭ ስትወርዱ፣ ወደ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ያው የለመዳችሁት ረጅም ኳስ አጥሮ ይወድቃል፣ ቅጣት ምት ደግሞ የበለጠ ይታጠፋል። ግብ ጠባቂ ሲለጋና ተከላካይ ሲያሻግር የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ይሳሳታል፣ ሰው «ፈራ» ይለዋል። አልፈራም፣ አየሩ ወፍሮበት ነው። ከጨዋታው በፊት አሥር ረጅም ኳስ መምታት ብቻ ብዙ ያስተካክላል። ሙቀቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለመድም፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ጨውም ምግባችሁ ላይ ይኑር።

አሁን ሙከራ። ከፍተኛ ሊግም ሆነ አንደኛ ሊግ ክለብ ሲሄዱ ልጆች የሚጎዱት ችሎታቸውን ለማሳየት ሲጣደፉ ነው። ሃያ ሁለት የማይተዋወቁ ልጆች ሜዳ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁሉም ሊታይ ይፈልጋል፣ ለማንም አያቀብልም። ቆማችሁ ኳስ ብትጠብቁ 30 ደቂቃው ሳትነኩ ያልቃል። ኳስ የሚያቀብላችሁ ስለሌለ ራሳችሁ ንጠቁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኳሶች በአንድና በሁለት ንክኪ ለቅርብ ሰው አቀብሉ፤ በቡድን ውስጥ ቀላል ኳስ የሚጫወት ልጅ እንደዚያ ቀን ብርቅ የሚሆንበት ጊዜ የለም። ኳስ ስትነጠቁ በሚቀጥሉት ሦስት ሰከንዶች የምታደርጉትን መራጩ ያያል፤ እጁን ወደ ሰማይ የሚዘረጋውን በዚያው ይሰርዘዋል። ቦታችሁን ስትጠየቁ «የትም እጫወታለሁ» አትበሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ የሰው እጥረት ያለበት ቦታ ላይ ይወረውሩታል። አንድ ዋና ቦታ፣ አንድ ተለዋጭ ንገሩ።

ቦርሳችሁ ውስጥ የቅልጥም መከላከያ ይኑር፣ ያለሱ ዳኛ አያስገባም። ታኬታው የተፈተነ ይሁን፤ ለሙከራ ብሎ አዲስ ታኬታ ገዝቶ በዚያው ቀን የሚያደርግ ልጅ በ15ኛው ደቂቃ ተረከዙ ተልጦ ይወጣል። ደረቅ ሜዳ ላይ ረጃጅም ብረት ጥርስ ያለው አይሆንም፣ አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ይሻላል። የረጠበውን በከሰል አታድርቁት፣ ሙጫው ይለቃል። ጋዜጣ ጎስጉሱበት።

ውል ከመጣ፣ ይምጣ፣ ረጋ በሉ። በፊፋ ደንብ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል አይፈርምም፤ ለአዋቂ ከፍተኛው አምስት ዓመት ነው። «ፈርም፣ የሕክምና ምርመራውን ካለፍክ ይጸናል» የሚባል ውልም የለም፤ ምርመራው ከፊርማ በፊት ነው የሚያልቀው። ደሞዙ የሚጀምረው ከየትኛው ወር ነው? ካምፕ ካልሆነ ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ስትጎዱ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል፣ ደሞዙስ ይቀጥላል? በአፍ የተነገረ መልስ መልስ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ይታይ። አንድ ኮፒ ዕለቱኑ ይዛችሁ ውጡ። «ቢሮ ነው፣ ሌላ ቀን ና» ከተባለ፣ ሌላ ቀን ፈርሙ።

«ውጭ ልውሰድህ» ለሚለው ሰው ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። ከ18 ዓመት በታች ዓለም አቀፍ ዝውውር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ወኪል የሆነ ሰው በስሙ የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ስሙም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። ፍለጋው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስሙ ከሌለ፣ ለሙከራና ለቪዛ ብሎ ቅድሚያ ብር ከጠየቀ፣ ወላጆች፣ መሬትም ሆነ ከብት አትሽጡ። የክለቡን የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁና በክለቡ በራሱ አድራሻ ጻፉለት።

ጭንቅላት ላይ አጭር ነኝ። ጓደኛችሁ ተጋጭቶ ሲነሳ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ መልሶ መላልሶ ከጠየቀ፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ በዚያ ቀን አይመለስም። የዋንጫ ጨዋታ ቢሆንም። ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሆስፒታል ነው፣ ቤት ወስዶ ማስተኛት አይደለም። የሰፈር ውድድር ላይ ሐኪም የለም፣ ስለዚህ ይሄን የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

አብዛኞቻችሁ ክለብ አትገቡም። ይሄን ዛሬ መስማት በ23 ዓመት ከመስማት ይሻላል ብዬ ነው። ኳስ ግን ተጫዋች ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሕጉን የምትወዱ፣ ስትጫወቱም ከዳኛ ጋር የምትከራከሩ፣ ታውቃላችሁ ማን እንደሆናችሁ፣ የዳኝነት ኮርስ ውሰዱ፤ በ18 ዓመት የጀመረ ዳኛ ፊቱ ረጅም ጊዜ አለ። ማሠልጠን የሚፈልግ ከካፍ ዲ ላይሰንስ ይጀምራል፤ ከዚያ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ይወጣል። ስፖርት ሳይንስ ኮተቤም ባሕር ዳርም ሐዋሳም ይሰጣል። ሴቶቹ ደግሞ የሴቶችን ፕሪምየር ሊግ ሂዱና እዩ፤ የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. የካፍ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ የምድብ ውድድር ድረስ የሄደው ከዚሁ ሊግ ወጥቶ ነው። እዚያ ሙከራ ላይ የሚሰለፈው ሰው ከወንዶቹ ያነሰ ነው፣ ይሄን ተጠቀሙበት።

የቀረው የዕቃ ጉዳይ ነው። ማልያና ቁምጣ እስከ አርብ ታጥቦ ይመለስ፣ ካልሲው ይቅር፣ እሱን ማንም አይፈልገውም። የቡድኑን ፓምፕ የወሰደ ልጅ መርፌውንም ይዞ ይምጣ፤ መርፌው ከሌለ የሚመጣው የ9ኛ ክፍል ልጅ ኳስ ሊነፋ አይችልም። የጨዋታ መዝገባችሁን፣ ስንት ደቂቃ የት ቦታ እንደተጫወታችሁ የሚለውን ወረቀት፣ በማኅተም ከአሰልጣኛችሁ ተቀበሉ። ሁለት ኮፒ አስደርጉ።